ውሃው በየት ገባ? (የሸራ ጀልባን በገዛ እጅ ስለመጠገን የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ! ኋላ ያላችሁት ድምፄ ይደርሳችኋል? እሺ፣ ጥሩ። ወንበር ያልደረሳችሁ ወደፊት ኑና መሬት ተቀመጡ፣ ጀልባ ያለው ሰው እንደሆነ መንበርከክ ለምዷል።

ዛሬ እንዳወራ የተጠየቅኩት የሸራ ጀልባ ላይ ራሳችን ስለምንሠራው ጥገናና ማሻሻያ ነው። በሦስት ከፍዬዋለሁ፤ አንደኛ ውሃ፣ ሁለተኛ ሬዚን፣ ማለትም ተደባልቆ ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ፣ ሦስተኛ ኤሌክትሪክ። መሃል ላይ ስለ ምሰሶውና ስለ ሸራው ጣል ጣል አደርጋለሁ፣ እሱ ለብቻው አንድ ቀን የሚፈልግ ነገር ነው። ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ቅር አይለኝም፦ የምትሠሩትን ሁሉ ነገ ራሳችሁ ልትፈቱት በምትችሉበት መንገድ ሥሩት። አዎ፣ ልትፈቱት! ሰው ጥገና ሲሠራ "እንዳይነቀል አድርጌ ነው የቸነከርኩት" ብሎ ነው የሚኮራው። ጀልባ ላይ ይሄ ኩራት አይሠራም። ጨው አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ሌት ተቀን መወዛወዝ አለ፣ ስለዚህ ዛሬ የገጠማችሁት ነገር ሁሉ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም፣ ጥያቄው በካቻቪቴ ነው የሚከፈተው ወይስ በግራይንደር ነው።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ጀልባ ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ የገጠማችሁት ነገር ስፒከር፣ ትራስ ወይ የሚያምር መብራት የሆነ? ... ኦሆ! ብዙ ናችሁ። (ሳቅ) ጥፋት አይደለም፣ ጀልባ ያስደስታል፣ ሰው ደስ የሚለውን ያስቀድማል። ግን ቅደም ተከተል አለ። ውሃን ውጪ የሚያስቀረው ነገር ይቀድማል፣ ቀጥሎ ምሰሶውን አቁሞ የሚይዘው፣ ቀጥሎ መሪው፣ ከዛ ሞተሩና ኤሌክትሪኩ፣ ትራስ መጨረሻ ላይ ነው። ትራሱን ብታስቀድሙስ ምን ይሆናል? ይረጥባል፣ ሌላ ምንም አይሆንም።

በሉ ወደ አንደኛው፣ ወደ ውሃው።

ጀልባችሁ ከውሃ መስመር በታች ስንት ቀዳዳ እንዳላት ሳትቆጥሩ አሁኑኑ ልትነግሩኝ የምትችሉ ስንት ናችሁ? የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት አለ፣ የሽንት ቤት መግቢያና መውጫ አለ፣ የእቃ ማጠቢያው አለ፣ ጥልቀት የሚለካው ሴንሰር አለ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበት አለ። ሰው ሆን ብሎ ጀልባውን የበሳበት ቦታ ነው ሁሉም። አብዛኛው ላይ ቫልቭ አለ፣ ከቫልቩ ላይ ቱቦ አለ፣ ቱቦውን ደግሞ ፋሼታ፣ በቪቴ የሚጠብቀው የብረት ቀበቶ፣ ነው የያዘው። አንዷ ፋሼታ ዝጋ ብትበጠስስ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቀዳዳው 38 ሚሊሜትር ስፋት ይኑረው፣ ከውሃ መስመር በታች 60 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን፣ ቱቦው ወለቀ እንበል። በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ነው የሚገባው። በደቂቃ! አሁን ፓምፓችሁን እዩት፣ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 500 ጋሎን የሚል ትንሽዬ ፓምፕ በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ነው የሚያወጣው፣ እሱም ቱቦ ሳይረዝምበት፣ ውሃውን ወደላይ ሳይገፋ፣ ባትሪውም ሙሉ ሆኖ ነው። ስለዚህ "አውቶማቲክ ፓምፕ አለኝ" ብሎ የሚተኛ ሰው ይገርመኛል። ፓምፕ ጠብታ ነው የሚያወጣው። የሚያድናችሁ ቫልቩ ነው።

ቫልቩ ደግሞ ከምን እንደተሠራ እወቁ። አንድ ወዳጄ ያገለገለች ጀልባ ገዝቶ፣ ከውሃ ወጥታ በድጋፍ ቆማ ሳለ አብረን ልናያት ወጣን። የሸጠለት ሰውዬ "ባለሙያ ነው ያደሳት፣ ቫልቮቹ በሙሉ አዲስ ናቸው" ብሎት ነበር። እውነትም ያብረቀርቃሉ። ወዳጄ የእቃ ማጠቢያውን ቫልቭ ሊዘጋ መያዣውን ገፋ ሲያደርገው ቀጭ አለና ቫልቩ ከነአንገቱ እጁ ላይ ቀረ። ሁለታችንም ዝም። የተሰበረውን ቦታ ወደ ብርሃን አውጥተን ስናየው ቢጫ መሆን የነበረበት ብረት ሮዝ ነው። ውስጡም ጥቃቅን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ በጥፍር ስትጭሩት ይፈረፈራል። ምን ሆኖ መሰላችሁ? ብራስ ማለት መዳብና ዚንክ ነው፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ቀስ በቀስ ይወጣና መዳቡ ብቻ ይቀራል። ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፣ ጥንካሬ ግን የለውም። ያች ጀልባ ውሃ ላይ ሆና መያዣው ቢገፋ ኖሮ የት በደረሱ!

እና ለቤት ቧንቧ የተሠራ ቫልቭ ጀልባ ላይ አትግጠሙ፣ የፈለገ ቢያብረቀርቅ። ብሮንዝ ይሁን፣ ወይ ዚንኩ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራው ብራስ ይሁን፣ ወይ ለባሕር የተሠራው ባለፋይበር ፕላስቲክ ይሁን። የቫልቩ ጥርስና ቀፎውን፣ የጀልባዋን ገላ ማለቴ ነው፣ ሰንጥቆ የሚወጣው ቧንቧ ጥርስ አንድ ዓይነት መሆኑንም እዩ፣ ቀጥ ያለ ጥርስና እየሾጠጠ የሚሄድ ጥርስ ከተገናኙ ሁለት ሦስት ዙር ይዘው ጠበቅን ይሏችኋል። ቱቦው ላይ ቦታ ከበቃ ሁለት ሁለት ፋሼታ እሰሩ። ፋሼታውንም "ስቴንለስ ነው" ሲሏችሁ ማግኔት ቪቴው ላይ አስጠጉት፣ ብዙ ጊዜ ቀበቶው ስቴንለስ ሆኖ ቪቴው ተራ ብረት ነው፣ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ቫልቭ ጎን ደግሞ ከለስላሳ እንጨት የተሠራ ሾጣጣ ውታፍ በገመድ አንጠልጥሉ። መሳቢያ ውስጥ አይደለም፣ እዛው ቫልቩ ጎን! በጨለማ፣ ውሃ እየገባ፣ መሳቢያ የሚከፍት ሰው የለም።

እሺ፣ ይሄ ከታች የሚገባው ነው። ከላይ የሚገባውስ?

ከላይ የሚገባው ቶሎ አያሰምጥም ግን ጀልባዋን ከውስጥ ይበላታል። አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አልጋቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አልጋው በላይ መስኮት አለ፣ ስለዚህ ጥፋተኛው መስኮቱ ነው ተባለና ሲሊኮን ተቀባ፣ አልቆመም፣ በላዩ ሌላ ሲሊኮን፣ አልቆመም፣ መስኮቱ ዙሪያውን ነጭ አረፋ የደፈቀ ነው የሚመስለው። "ልጄ እስቲ አንተ እየው" አሉኝ። ብሎወር አለ አይደል፣ ቅጠል የሚነፋው ማሽን? እሱን በአንዱ መክፈቻ በኩል አስገባንና ዙሪያውን በካርቶንና በፕላስተር አሸግነው፣ ሌላውን መስኮትና የአየር መውጫ ሁሉ ዘጋን፣ ብሎወሩን በትንሹ ለቀቅነው። አየሩ ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋል ማለት ነው። ከዛ ውጪ ወጥተን የሳሙና ውሃ ጀልባዋ ላይ በብሩሽ መቀባት። መስኮቱ? ምንም። ድርቅ ብሏል፣ አንድ አረፋ የለም። እንዲያውም ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ ወደ አፍንጫዋ ስንሄድ የእጅ መደገፊያው አጥር አንዱ እግር ሥር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከመስኮቱ በጣም የራቀ ነው! ውሃው እዛ ገብቶ፣ በላይኛው ወለል፣ እኛ ቆመንበት ለታችኛው ክፍል ጣራ በሆነው፣ ሥርና በጣራው ሽፋን መሃል ተጉዞ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ አልጋቸው ላይ ይወርዳል። ጋሼ አረፋውን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ "እኔኮ መስኮቱን ነው ስሰድበው የከረምኩት" አሉ። (ሳቅ)

ስለዚህ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ውሃ የገባበት ቦታ አይደለም። ደግሜ ልበለው፣ የሚንጠባጠብበት ቦታ የገባበት አይደለም! ሳታገኙት ምንም ነገር አትቀቡ።

ካገኛችሁት በኋላ ደግሞ ከላይ አትቀቡት። ፍቱት። ብሎኑን አውጡ፣ እግሩን አንሱ፣ የድሮውን ማሸጊያ ጥርግ አድርጋችሁ አውጡና በአሴቶን ጥረጉ። ከዛ ቀዳዳውን ከላይ በኩል በሰፊ ትራፓኖ ጫፍ በትንሹ ጠርዙን ብሉለት፣ ትንሽዬ ሾጣጣ ጉድጓድ ትሁን። ለምን? ማሸጊያው እዛች ጉድጓድ ውስጥ ሰብሰብ ብሎ በብሎኑ አንገት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል፣ ያ ቀለበት ነው ውሃውን የሚያቆመው፣ በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መሃል ስስ ብሎ የቀረው ማሸጊያ እንኳ ብዙም አይደለም። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ቡቲል ነው የምወደው፣ በጥቅል የሚመጣው ግራጫ ነገር፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ። አይደርቅም፣ ለዓመታት ለስላሳ ነው፣ በፈለጋችሁ ቀን ይፈታል። በብሎኑ አንገት ዙሪያ ጠቅልሉት፣ ከእግሩ ሥርም አድርጉ፣ ስታጠብቁ የብሎኑን ራስ አንዱ ሰው ከላይ በካቻቪቴ ዝም አድርጎ ይያዘው፣ ከሥር ያለው ሰው ዳዶውን ብቻ ያዙር። ብሎኑ ከዞረ የጠቀለላችሁትን ይዞት ይዞራል። በአንድ ቀን አትጨርሱት፣ ትንሽ አጥብቁ፣ ወጣ ወጣ ያለውን ቁረጡ፣ በማግስቱ እንደገና ትንሽ። ከሥር ሰፋ ያለ ሮንዴላ ወይ ጠፍጣፋ ብረት አድርጉ፣ የእጅ መደገፊያ ላይ ሰው በሙሉ ክብደቱ ነው የሚወድቅበት።

ቡቲል ከውሃ መስመር በታች አይሆንም፣ ነዳጅ የሚነካው ቦታም አይሆንም። ከታች ፖሊሰልፋይድ ወይ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ማሸጊያ ነው። ፖሊሰልፋይድ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የፕላስቲክ መስኮት ላይ እንዳትቀቡት፣ ፕላስቲኩን ይጎዳል። ፖሊዩሪቴን ውስጥ ደግሞ በጣም ጠንካራ የሚባሉት አሉ፣ ቀፎና ወለል ለዘላለም ለማጣበቅ የተሠሩ፣ ሰው "ጠንካራ ከሆነማ" ብሎ ሁሉም ቦታ ይቀባዋል፣ በኋላ ያን እቃ ሊያነሳ ሲሞክር ከሥሩ ያለውን የፋይበርግላስ፣ በሬዚን የተነከረ የብርጭቆ ክር የሆነውን፣ ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው። ሲሊኮንስ? ሲሊኮን ቦታ አለው፣ አንዳንድ የፕላስቲክ መስኮት ለሱ በተዘጋጀ ሲሊኮን ነው የሚታሸገው። ግን የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሬዚንም በኋላ እሺ ብሎ አይይዝም፣ ስትጠርጉት ራሱ ስስ ቅባቱ ይቀራል፣ ስለዚህ ልክ ለዛ ነገር ካልሆነ ከመሣሪያ ሳጥናችሁ አውጡት ባይ ነኝ።

የጋሼ ጀልባ ላይ አጥሩን ስናነሳ ሌላ ጉድ ወጣ። የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባ ወለል ሳንድዊች ነው፣ ከላይ ስስ ፋይበር፣ ከታች ስስ ፋይበር፣ መሃል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይ ፎም ወይ ፕላይውድ። ውሃው መሃል ገብቷል። በቀዳዳው ጣቴን ስከት ቡናማ ጭቃ ነው የወጣው፣ ይሸታል፣ ስጫነው ውሃ ይወጣል። ምን ያህል ቦታ እንደሄደ ለማወቅ በካቻቪቴ መያዣ ወለሉን ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፣ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ይላል፣ በእርሳስ እያከበባችሁ ሂዱ። ትንሽ ከሆነ በቀዳዳው በኩል የበሰበሰውን ቆርቁራችሁ ታወጣላችሁ፣ ሰፊ ከሆነ የላይኛውን ቆዳ በጥንቃቄ ቆርጦ ማንሳትና አዲስ መሃል ማስገባት ነው። መርፌ ወግቶ ሬዚን መርጨት የሚባለውን ብዙም አላምንበትም፣ እርጥብ ነገር ውስጥ የተረጨ ሬዚን ምኑን ይይዛል?

እንዳይደገም ደግሞ ዘዴው ቀላል ነው። ብሎኑ ከሚፈልገው ሰፋ አድርጋችሁ ብሱ፣ የታችኛውን ቆዳ ሳትበሱ። ዙሪያውን ያለውን ባልሳ ቆርቁራችሁ አውጡ። በዱቄት በወፈረ ኢፖክሲ፣ ኋላ የምነግራችሁ የሬዚን ዓይነት ነው፣ ሙሉት። ሲደርቅ መሃሉ ላይ በልኩ እንደገና ብሱ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ውስጥ ነው፣ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። ይሄን ለእያንዳንዱ ብሎን? አዎ ለእያንዳንዱ ብሎን! አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

አንድ ታሪክ ጣል ላድርግና ወደ ሁለተኛው ልሂድ። እንግሊዛዊው መርከበኛ ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1968 ሱሃይሊ በምትባል የቲክ እንጨት ጀልባ፣ ርዝመቷ 32 ጫማ ገደማ የሆነች፣ ብቻውን የትም ሳያርፍ ዓለምን ሊዞር ወጣ። አትላንቲክ ላይ ገና እያለ ውሃ ትቀዳ ጀመር፣ ከሥር በኩል የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ተከፍቷል። ውሃ ውስጥ ዘሎ ገባ፣ ጥጥ በስንጥቁ ሊጠቀጥቅ ሞከረ፣ ትንፋሹ እያለቀ አልያዘለትም። ተመልሶ ወጣና ምን አደረገ? ጥጡን ቀድሞ ጠባብ የሸራ ጨርቅ ላይ ሰፋው፣ ሬንጅ ቀባው፣ እንደገና ገብቶ በትንንሽ ሚስማር ስንጥቁ ላይ መታው፣ በኋላም በላዩ የመዳብ ቆርቆሮ አደረገበት። መሃል ላይ ሻርክ መጣበትና ወጥቶ በጠመንጃ ተኩሶ ገድሎት ነው ሥራውን የቀጠለው። በ312 ቀን ዞሮ ሚያዝያ 22 ቀን 1969 ገባ። ሰው ሻርኩን ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን የምትገርመኝ ያቺ ጨርቅ ናት። ውሃ ውስጥ መሥራት የማይቻለውን ግማሹን ሥራ ደረቅ ቦታ ላይ ሠርቶት ገባ። እኛም ጋ እንዲሁ ነው፣ ተንጠልጥላችሁ ወይ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተኝታችሁ የምትሠሩትን ነገር አስቀድማችሁ ጠረጴዛ ላይ ምን ያህሉን መጨረስ እንደምትችሉ አስቡ።

ሁለተኛው፣ ሬዚን።

ሁለት ዓይነት ነው በብዛት የምታገኙት፣ ፖሊስተርና ኢፖክሲ። ብዙዎቹ ጀልባዎች የተሠሩት በፖሊስተር ነው። ለጥገና ግን ኢፖክሲ ይሻላል፣ ምክንያቱም አሮጌ የደረቀ ነገር ላይ የመያዝ አቅሙ የተሻለ ነው። ኢፖክሲ ፖሊስተር ላይ ይይዛል፣ ፖሊስተር ግን ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም፣ ይሄን አትገልብጡት። አደባለቁም ይለያያል። ፖሊስተር ላይ ማድረቂያው ትንሽ ጠብታ ነው፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ፣ ጨመር ስታደርጉ ቶሎ ይደርቃል። ኢፖክሲ ላይ እንደዛ የለም! ኢፖክሲ ልኩ ልክ ነው፣ አምራቹ 5 ለ 1 ካለ 5 ለ 1፣ 2 ለ 1 ካለ 2 ለ 1። "ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር፣ ማድረቂያውን ማለት ነው፣ ጨመርኩበት" የሚል ሰው ያገኘው ነገር በደንብ የማይደርቅ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ነው። መጣደፍ ከፈለጋችሁ ፈጣን ሃርድነር የሚባል አለ፣ እሱን ግዙ።

ብዙ አታደባልቁ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ ራሱን ያፋጥነዋል፣ ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ብዙ ካደረጋችሁ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይጨሳል፣ ኩባያው ይቀልጣል። ሰፋ ያለ ዝርግ ሳህን ላይ ገልብጡት፣ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሲደርቅ ደግሞ ላዩ ላይ ቅባት ነገር ሊወጣ ይችላል፣ ያንን መጀመሪያ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ታጠቡት፣ ከዛ ነው ብርጭቆ ወረቀት። ሳታጥቡ ከፈገፈጋችሁ ቅባቱን ጨፍልቃችሁ ታስገቡታላችሁ፣ ቀጣዩ ሽፋን ይላጣል። መጨረሻ ላይ ቀለም ወይ ቨርኒሽ የግድ ነው፣ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም።

ቀፎው ላይ ስንጥቅ ወይ ቀዳዳ ስትደፍኑ ቀዳዳውን ብቻ አትድፈኑ። ዙሪያውን በዝቅታ ሞርዱት፣ ሰው የሚሠራበት ልክ 12 ለ 1 ነው፣ ቀፎው 5 ሚሊሜትር ከወፈረ በየአቅጣጫው 60 ሚሊሜትር። ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል፣ "ትንሽ ቀዳዳ ነበረች እኮ፣ ሳህን የሚያህል አደረግናት!" ይላል። አዎ፣ ጥንካሬው የሚመጣው ከዛ ከሰፊው መያዣ ነው። በደፈናው የተሞላ ስቱኮ ከውጪ አንድ ማዕበል ሲገፋው ተፈንቅሎ ይለቃል።

ቀፎዋ ሥር ትንንሽ እብጠት ካያችሁ አትደናገጡ። ውሃ በጄልኮቱ፣ በቀፎው የውጪ ሽፋን፣ ውስጥ ቀስ ብሎ ሰርጎ ከውስጡ ካሉ ኬሚካሎች ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ ስትወጉት ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል፣ መነጽር አድርጉ፣ ዓይን ላይ ይፈናጠራል። መክፈት፣ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መሙላት፣ በኢፖክሲ መሸፈን ነው። ከባዱ ማድረቁ ነው፣ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ቸኩሎ መሸፈን ውሃውን ቆልፎ ማስቀረት ነው።

ስለ ጤናችሁ አንድ ነገር፣ ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ። ጓንት! ኢፖክሲ ዛሬ ቆዳችሁን ቢነካው ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ እየተደጋገመ ግን አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ አብሯችሁ ይኖራል። እጃችሁን በአሴቶን አትታጠቡ፣ በሳሙና ነው። የድሮ የሥር ቀለም ስትፍቁ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ እርጥብ አድርጉት፣ መርዝ ነው እኮ ቀለሙ፣ ሥራው ከቀፎው ሥር የሚጣበቁ የባሕር ነፍሳትን መግደል ነው። ከሁሉ የከፋው ቲቢቲ የተባለው ቆርቆሮ ያለበት ቀለም በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል፣ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ፣ ግን አሮጌ ጀልባ ላይ ከሥር ሽፋኖቹ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። አሉሚኒየም ጀልባ ያላችሁ ደግሞ መዳብ ያለበትን ቀለም እንዳትቀቡ፣ መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ምሰሶውንና ሸራውን ቶሎ ልበል። ምሰሶውን የያዙት ሽቦዎች ስቴንለስ ናቸው፣ ስቴንለስ ደግሞ የማይዝገው አየር ስለሚያገኝ ነው፣ ኦክስጅን ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ይሠራለታል። እርጥብ ሆኖ አየር የሌለበት ቦታ ሲታሸግ ግን ከውስጥ ተሰንጥቆ ይበላል። የት ነው እንዲህ የሚሆነው? ሽቦዎቹን የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት ወለሉን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ! ከላይ ያምራል፣ ከታች ያምራል፣ መሃል ወለሉ ውስጥ ግማሹ የለም። ያን ብረት ካላወጣችሁት አላያችሁትም። ሽቦውን ደግሞ ሶፍት ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ አንሸራትቱ፣ የተበጠሰች ክር ካለች ሶፍቱን ትይዛለች፣ በባዶ እጅ አትሞክሩት። አንድ ክር ከተበጠሰች ሽቦው አለቀ፣ "ሌሎቹ አሉ" አይባልም።

ሸራ ላይ ከጨርቁ በፊት የሚሞተው ክሩ ነው፣ ፀሐይ ነው የሚገድለው። አንዲት ሸራ ሰፊ ያሳየችኝን ላሳያችሁ፣ ስፌቱን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ፈግፍጉት፣ ክሩ ከተበጠሰ ያን ስፌት በሙሉ ድገሙት፣ ንፋስ እስኪበጥስላችሁ አትጠብቁ። ዚግዛግ ስፌት የሚሰፋ ጠንካራ የቤት መኪና ለቀጭን ሸራ ይበቃል፣ በድሮው የመርፌ ቀዳዳ ላይ መልሶ መስፋትም ይቻላል። ተለጣፊ ዳክሮን፣ የሸራ መለጠፊያ ጨርቅ፣ ሁልጊዜ ጀልባ ላይ ይኑር።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይፈራል፣ 12 ቮልት ነው፣ አይገድላችሁም። የሚያቃጥለው ግን ጀልባውን ነው! ባትሪ ውስጥ ያለው ከረንት ቁልፍ ብትጥሉበት ቁልፉን ያግላል። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣ እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ሽቦ ፊውዝ ይኑረው፣ ባትሪው አጠገብ። የአሜሪካኖቹ የጀልባ ደረጃ 18 ሳንቲሜትር ገደማ ይላል። ፊውዙ መብራቱን ወይ ራዲዮውን ለመጠበቅ አይደለም፣ ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፣ ስለዚህ ልኩ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው። "ይሄ ፊውዝ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፣ ተለቅ ያለ ላድርግበት" የምትል ሰው ካለህ እዚህ፣ እባክህ ሻይ ሰዓት ላይ ፈልገኝ። (ሳቅ)

ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን፣ ተራው መዳብ እርጥበት በሽፋኑ ሥር እየሳበ ይጠቁራል፣ ስትቆርጡት አረንጓዴና ጥቁር ዱቄት ነው። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ይሁን፣ ድፍን ሽቦ በመንቀጥቀጥ ይሰበራል። መገጣጠሚያውን በልኩ መቆንጠጫ ቆንጥጡት፣ ከዛ ውስጡ ሙጫ ያለው ሙቀት ሲነካው የሚሸበሸብ ሽፋን። በእርሳስ መበየድ ብቻውን አልመክርም፣ እርሳሱ በክሮቹ መሃል እየሳበ ይሄድና ድርቅ ያለ ቦታ ይፈጥራል፣ ልክ እዛ ጫፍ ላይ ነው የሚሰበረው።

ፓምፕ ወይ የጉዞ መብራት ላይ ቮልት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይወድቅ፣ 12 ቮልት ላይ ያ 0.36 ቮልት ብቻ ነው፣ ሽቦው ደርሶ መልሱ ነው የሚቆጠረው፣ ሰው መሄጃውን ብቻ ለክቶ ቀጭን ሽቦ ይገዛል። ማሻሻያ ካላችሁኝ ደግሞ ከሁሉ የሚያዋጣው አሮጌ አምፖሎችን ወደ ኤልኢዲ መቀየር ነው፣ 25 ዋት የነበረው በጥቂት ዋት ይተካል፣ ባትሪ ከመጨመራችሁ በፊት እሱን አድርጉ። ሊቲየም ባትሪ ልትገቡ የምታስቡ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ የሞተሩ ዲናሞ ጋ በቀጥታ አታገናኙት፣ ሊቲየሙ ሙሉ ከረንት ይስባልና ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል፣ መሃል ላይ ለዛ የተሠራ ቻርጀር ያስፈልጋል።

እና የማትነኩት ነገር አለ? አለ። ጋዝ አንዱ ነው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያመልጥ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል፣ በሳሙና ውሃ መፈተሽ የእናንተ ነው፣ መስመሩን መዘርጋት ግን የባለሙያ ይሁን። ሌላው ኪሉ ነው፣ ከሥሯ ያለው ከባዱ ክንፍ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል ጀልባ አትላንቲክ መሃል ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠችና 4 ሰዎች ጠፉ። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ቀደም ብላ መሬት መምታቷና በኋላ የተደረጉላት ጥገናዎች ተደምረው መያዣውን አዳክመውት ሊሆን ይችላል ብለዋል። ስለዚህ ጀልባችሁ በኪሏ ድንጋይ ከመታች፣ ከውስጥ ኪሉ የታሰረበት ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካያችሁ፣ ቀለም አትቀቡበት፣ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፣ እያዩኝ ነው። ያን የሮዝ ብራስ ቫልቭ ይዤው መጥቻለሁ፣ እዛ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በጥፍራችሁ ጫሩት። አጠገቡ ሁለት ኩባያ ኢፖክሲ አለ፣ አንዱን በልኩ ሌላውን ሃርድነር አብዝቼ ትናንት ነው ያደባለቅኳቸው፣ የቱ የቱ እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ። ጓንት ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ያለ ጓንት ማንም እንዳይነካ! ቡቲሉንም አምጥቻለሁ፣ ብሎንና ቁራጭ ወለል አለ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዳችሁ ራሱን ያዙ አንዳችሁ ዳዶውን አዙሩ። ጥያቄ ያላችሁ እዛው እየሠራን እንነጋገር፣ በሉ ኑ።